የስኩባ ሲሊንደር ቤት ውስጥ ለመሙላት ምን ዓይነት ኮምፕሬሰር ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እስራኤል ኤላትም ኑሩ፣ ኤምሬትስ ፉጀይራ ወይም አሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ስኩባ ማለትም የታመቀ አየር በሲሊንደር ተሸክሞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ የለመደ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «ሲሊንደር ተሸክሜ ሱቅ ከምመላለስ፣ የራሴን ኮምፕሬሰር ገዝቼ ቤቴ ብሞላስ?» ይላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ቤታቸው በደህና የሚሞሉ ሰዎች አሉ። ግን «ለስኩባ» ተብለው የሚሸጡ፣ ለሰው ሳንባ ፈጽሞ የማይሆኑ ማሽኖችም ገበያውን ሞልተውታል። ከፍተኛ ግፊት መፍጠር ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ የሚተነፈስ አየር ማውጣት ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን መልሶች ስታነቡ ከማሽኑ ጉልበት ይልቅ ስለ ማጣሪያና ስለ ምርመራ ብዙ ታገኛላችሁ።

የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አለኝ። እሱ አይበቃም?

አይበቃም። ጎማ የሚነፋውና ቀለም የሚረጨው ኮምፕሬሰር የሚደርሰው 8 ወይም 10 ባር ነው፤ ባር የግፊት መለኪያ ነው። በብዛት የምናየው 11.1 ሊትር የአሉሚኒየም ሲሊንደር ደግሞ የሚሞላው እስከ 207 ባር ነው፤ በአሜሪካኖች አለካክ 3000 ፒኤስአይ። ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው።

«ሲሊንደሩ ይቅር፣ በረጅም ጎማ በቀጥታ ከሱ እየተነፈስኩ ሦስት አራት ሜትር ብጠልቅስ?» የሚሉም አሉ። ይህም አይሆንም። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ በተራ ዘይት ነው የሚሠራው። የዘይቱ ጭጋግ ከአየሩ ጋር አብሮ ይወጣል። ማጠራቀሚያው ውስጥም ውሃና ዝገት ይተኛል። ጎማ ይህን ሁሉ ይችላል። ሳንባ ግን አይችልም፤ የዘይት ጭጋግ ሲደጋገምበት የሳንባ ምች ዓይነት ሕመም ሊያመጣ ይችላል።

ኢንተርኔት ላይ በጥቂት መቶ ዶላር 300 ባር የሚደርስ ትንሽ ማሽን አየሁ። እሱስ?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ እውነት ነው፤ 300 ባር ይደርሳል። ማሽኑ የተሠራው ግን ለአየር ጠመንጃ ነው። የጠመንጃው ጋን በጣም ትንሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም። የእናንተ ሲሊንደር ሲሞላ ወደ 2200 ሊትር አየር ይይዛል። ያ ትንሽ ማሽን ይህን ለመሙላት ለሰዓታት መሥራት አለበት። በዚህን ጊዜ ይግላል። ሲግል ዘይቱ መቃጠል ይጀምራል። የተቃጠለ ዘይት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያመነጫል፤ እሱም በቀጥታ ወደ ሲሊንደራችሁ ይገባል። ማጣሪያ ተብሎ የሚገጠምለት ደግሞ ብዙ ጊዜ ውሃ የሚይዝ ጥጥ ነው። ጥጥ ጋዝ አያስቀርም።

ሻጩ «ለስኩባም ይሆናል» ብሎ ቢጽፍም አትግዙ። የመተንፈሻ አየር መስፈርት ስለማሟላቱ ሰነድ ጠይቁት። መልስ ካላገኛችሁ ነገሩ አለቀ።

ለመተንፈሻ የተሠራው ታዲያ በምን ይለያል?

አየር ሲጨመቅ ይግላል። በአንድ ምት ከ1 ባር ወደ 200 ባር ልግፋህ ቢባል ዘይቱን የሚያነድ ሙቀት ይፈጠራል። ስለዚህ ደህና ኮምፕሬሰር ሥራውን በሦስት ወይም በአራት ደረጃ ይከፋፍለዋል። እያንዳንዱ ደረጃ በስድስት እጥፍ ገደማ ቢያሳድገው፣ በሦስተኛው ላይ 216 ባር ይሆናል። በየደረጃው መካከል አየሩ በማቀዝቀዣ ቱቦ ያልፋል። ሲቀዘቅዝ ውሃና ዘይት ያወጣል፤ ያንን ውሃ መለያው ይይዘዋል። የተጠራቀመው በየ10 እስከ 15 ደቂቃው መፍሰስ አለበት። በራሱ የሚያፈስ መሣሪያ የተገጠመለት ማሽን ዋጋው ይወደዳል፤ ግን ሰው ስለሚረሳ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም።

ከዚያ ዋናው ማጣሪያ ይመጣል። ውስጡ በንብርብር የተደረደረ ነው። አንዱ እርጥበት የሚመጥ ንጥረ ነገር ነው። ሌላው የዘይት ትነትና ሽታ የሚይዝ የነቃ ከሰል ነው። በአንዳንዶቹ ላይ ሆፕካላይት ይጨመራል፤ የማንጋኒዝና የመዳብ ኦክሳይድ ድብልቅ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣል። ሆፕካላይት እርጥበት ካገኘው ግን ይሞታል። ለዚህ ነው ከማድረቂያው በኋላ የሚቀመጠው።

ስትገዙ አንድ ትንሽ ዕቃ መኖሩን አረጋግጡ፤ ግፊት ጠባቂ ቫልቭ ይባላል። ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ እንኳን ማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ብሎ እንዲቆይ ያደርጋል፤ ብዙ ጊዜ 150 ባር አካባቢ። ግፊቱ ከፍ ሲል ውሃው በደንብ ይለያል። እሱ ከሌለ በሙሌቱ መጀመሪያ የሚገባው አየር እርጥብ ነው። በተረፈ በየደረጃው ሴፍቲ ቫልቭ፣ ግፊቱ ሲደርስ ሞተሩን የሚያጠፋ ማብሪያ ማጥፊያና የሠራበትን ሰዓት የሚቆጥር ቆጣሪ ይኑረው።

የታወቁ አምራቾች አሉ። የጀርመኖቹ ባወርና ኤል ኤንድ ደብሊው፣ የጣሊያኑ ኮልትሪ በብዙ የጠላቂ ሱቆች ይገኛሉ። ከስሙ ይልቅ ግን አንድ ነገር እዩ፦ የማጣሪያው ካርትሪጅ (ሲያልቅ ተነቅሎ የሚቀየረው ክፍል) እና መለዋወጫው በምትኖሩበት አገር ይገኛል ወይ?

ካርቦን ሞኖክሳይድ ይህን ያህል የሚፈራው ለምንድን ነው?

እኛ ይህን ጋዝ እናውቀዋለን። ቅዝቃዜን ለመከላከል ከሰል አቀጣጥለው፣ በርና መስኮት ዘግተው ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ወሬ ያልሰማ የለም። የገደላቸው ይኸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከሁለት መቶ እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል።

ውሃ ውስጥ ነገሩ ይከፋል። 30 ሜትር ላይ ያለው ግፊት 4 ባር ነው። ሲሊንደራችሁ ውስጥ 10 ፒፒኤም ካርቦን ሞኖክሳይድ (ከሚሊዮን እጅ አየር አሥር እጅ) ካለ፣ እዚያ ጥልቀት ላይ የምትስቡት መሬት ላይ 40 ፒፒኤም የመተንፈስን ያህል ነው። ታች ሳላችሁ የኦክስጅኑም ግፊት አብሮ ስለሚጨምር ምልክቱ ሊደበቅ ይችላል። ወደ ላይ ስትወጡ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ ጋዙ ግን ደማችሁን እንደያዘ ነው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ማዞር የሚጀምረው ያኔ ሊሆን ይችላል። ራሱን ስቶ ውሃ ውስጥ የቀረ ሰው ሰመጠ ይባላል፤ አየሩን የሚመረምር ካልተገኘ ምክንያቱ ሳይታወቅ ይቀራል።

ጋዙ ወደ ሲሊንደር የሚገባበት መንገድ ሁለት ነው። አንዱ ከውጭ ይገባል፤ የመኪና፣ የጀነሬተር ወይም የራሱ የኮምፕሬሰሩ የቤንዚን ሞተር ጭስ። ሁለተኛው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ይፈጠራል፤ ከልክ በላይ የጋለ ዘይት ሲቃጠል። ስለዚህ «የእኔ ኤሌክትሪክ ነው፣ አያሰጋኝም» ማለት ስሕተት ነው።

ኤሌክትሪክ ወይስ ቤንዚን?

ለቤት ኤሌክትሪክ። ያለ ምንም ማመንታት። ቤንዚን የሚያስፈልገው መብራት በሌለበት ባሕር ዳርቻ ለሚሞላ ሰው ነው። የቤንዚኑን ከገዛችሁ ሁልጊዜ ደጅ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አስነሱት፤ ማጣሪያውም ሆፕካላይት ያለበት ይሁን።

ኤሌክትሪኩን ከመግዛታችሁ በፊት የቤታችሁን መስመር እዩ። በደቂቃ 100 ሊትር ገደማ የሚያወጣ ማሽን 2.2 ኪሎዋት አካባቢ ሞተር አለው። አሜሪካ ውስጥ ተራው 120 ቮልት ሶኬት ይህን አይችልም፤ 240 ቮልት መስመር ያስፈልጋል። 220 ወይም 230 ቮልት ባለበት አገርም ሲነሳ የሚስበው ኃይል ከፍ ስለሚል ብሬከሩ ሊወድቅ ይችላል። የራሱ መስመር በኤሌክትሪሺያን ይዘርጋለት። ማከፋፈያ ገመድ ላይ አትሰኩት።

አየር የሚስብበትን ጫፍ የት ላድርገው?

ከማሽኑ ራቅ፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት። አየር መሳቢያውን በቱቦ ወደ ውጭ አውጡት። ከመኪና መቆሚያ፣ ከጋዝ ውሃ ማሞቂያ ጭስ መውጫና ከጎረቤት ጀነሬተር ይራቅ። የነፋሱን አቅጣጫ ከመጀመራችሁ በፊት እዩ፤ መሃል ላይም እንደገና እዩ፣ ነፋስ ይዞራል።

በእኛ ቤት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ቡና እየተፈላ ነው፣ ከሰሉ ተያይዟል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ወይም ግቢ ውስጥ ሥጋ እየተጠበሰ ነው። በዚያ ቀን አትሙሉ። ቀለም ወይም ፀረ ተባይ የተረጨበት ቀንም እንዲሁ። ማጣሪያው እነዚህን ሁሉ ያስቀራል ብላችሁ አትተማመኑበት።

መኪና የሚቆምበት ጋራዥ ውስጥ መሙላትስ?

ማሽኑ እዚያ ይቀመጥ፤ አየሩን ግን ከዚያ አይሳብ። መኪናው ከወጣ በኋላም ጭሱ ይቆያል። በሩም ክፍት ይሁን፣ ማሽኑ ራሱ ለመቀዝቀዝ አየር ይፈልጋል።

ማጣሪያ በስንት ጊዜው ይቀየራል?

አምራቹ በሰዓት ይጽፈዋል። ያ ቁጥር ግን በአብዛኛው ለቀዝቃዛ አየር የተሰላ ነው፤ መመሪያው ላይ የሙቀት ሠንጠረዥ ካለ እሱን ተከተሉ። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 17 ግራም ውሃ ይይዛል። 30 ዲግሪ ላይ 30 ግራም ይደርሳል። 40 ዲግሪ ላይ 51 ግራም። ማድረቂያውን የሚጨርሰው ይህ ውሃ ነው። ስለዚህ በሞቃቱ ወራት ዱባይ ወይም ጅዳ የምትሞሉ ከሆነ ካርትሪጁ ቀዝቃዛ አገር ላለ ሰው በሚቆይበት ጊዜ ሲሶ ሊያልቅባችሁ ይችላል።

ማሽኑም ራሱ ገደብ አለው። ብዙዎቹ አምራቾች ከ40 ወይም ከ45 ዲግሪ በላይ አታሠሩት ይላሉ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሐምሌ ቀትር ላይ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል። ሌሊት ወይም ንጋት ላይ ሙሉ።

የተጠቀማችሁበትን ሰዓት ጻፉ። ተራ ደብተር ይበቃል፤ ቀን፣ የቆጣሪው ንባብ፣ የአየሩ ሙቀት፣ ስንት ሲሊንደር። ያለዚህ ማጣሪያው ማለቁን የምታውቁት አየሩ መሽተት ሲጀምር ነው፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል።

አየሩ ንጹሕ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በአፍንጫ አይታወቅም። የዘይት ሽታ ካለ አየሩ መጥፎ ነው። ሽታ ከሌለ ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም።

የአውሮፓው መስፈርት ኢኤን 12021 ካርቦን ሞኖክሳይድ ከ5 ፒፒኤም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ500 ፒፒኤም፣ ዘይት በሜትር ኩብ ከ0.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል። በአሜሪካ የሚሠራበት ግሬድ ኢ ደግሞ 10 ፒፒኤም፣ 1000 ፒፒኤምና 5 ሚሊግራም ይፈቅዳል። እኔ የአውሮፓውን እመርጣለሁ።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የቤት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ለዚህ አይሆንም። በአሜሪካ መስፈርት የተሠራው 70 ፒፒኤም ሲደርስ እንኳን የሚጮኸው ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እኛ የምንፈልገው 5 ፒፒኤምን የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ለጠላቂዎች ተብሎ የሚሠራ አለ። አንዱ ዓይነት ኮምፕሬሰሩ መውጫ ላይ ተገጥሞ ሁልጊዜ ያነባል። ሌላው በእጅ ይያዛል፤ ከሞላችሁ በኋላ ከሲሊንደሩ ጥቂት አየር ለቅቃችሁ ትለኩበታላችሁ። የመሣሪያው አነፍናፊ (ሴንሰሩ) ዕድሜ ስላለው በጊዜው ይቀየር።

ከዚህ በተጨማሪ የላብራቶሪ ምርመራ አስደርጉ። የጠላቂ ሱቆች በየሦስት ወሩ ማስመርመር የተለመደ አሠራራቸው ነው። የቤት ማሽንም ማጣሪያ ሲቀየርለት፣ ሲጠገንና ረጅም ጊዜ ቆሞ ሲነሳ ይመርመር። ለመለኪያና ለላብራቶሪ የሚሆን ገንዘብ ከሌላችሁ ኮምፕሬሰሩን ለመግዛት ጊዜው አልደረሰም። ይህን ጨክኜ የምለው የሰው ሕይወት ስለሆነ ነው።

በደቂቃ ስንት ሊትር የሚያወጣ ይበቃኛል?

ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው 100 ሊትር ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። 12 ሊትር ሲሊንደር በ200 ባር 2400 ሊትር ይይዛል። በደቂቃ 100 ሊትር ከሞላ 24 ደቂቃ ይፈጃል። ባዶ ስለማይሆን ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ማስታወቂያ ላይ የተጻፈውን ሊትር ስታዩ ግን ጠይቁ፤ አንዳንዱ ሲሊንደር ሲሞላ የተለካ ነው፣ አንዳንዱ ማሽኑ የሚስበው ብቻ ነው።

የመኪና ዘይት ብጨምርበትስ?

በፍጹም። አምራቹ ለመተንፈሻ አየር የፈቀደውን ዘይት ብቻ ጨምሩ። የመኪና ዘይት ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ለሳንባ የተሠሩ አይደሉም።

ያገለገለ ማሽን ልግዛ?

መግዛት ይቻላል። ከእሳት አደጋ ጣቢያ ወይም ከጠላቂ ሱቅ የወጣ፣ የጥገና መዝገብ ያለው ማሽን ከአዲስ ርካሽ ማሽን ይሻላል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስነስታችሁ እዩት። እስከ መጨረሻው ግፊት ይድረስ። የመጨረሻው ሴፍቲ ቫልቭ በተጻፈበት ግፊት ይክፈት። የሚያፈሰው ውሃ ትንሽ ወተት መስሎ ቢወጣ የተለመደ ነው፤ ጥቁር ዘይት ከወጣ ግን ፒስተኑ ተበልቶ ወይም ማሽኑ ከልክ በላይ ግሎ ሊሆን ይችላል። ለምን ሲያገለግል እንደነበር ካልታወቀ ተዉት። ለናይትሮጅን ወይም ለፋብሪካ ጋዝ ይሠራ ከነበረ ውስጡ ምን ዘይት እንደነበረ ማንም አይነግራችሁም።

ሲሊንደሩስ? እሱን ማየት ያስፈልጋል?

ሱቅ ስትሄዱ ሠራተኛው የሲሊንደሩን አንገት አገላብጦ የሚያየው ለዚህ ነው። ቤት ስትሞሉ ያ ሰው እናንተ ናችሁ። አሜሪካ ውስጥ የግፊት ምርመራው በየአምስት ዓመቱ ነው፤ ቀኑ አንገቱ ላይ ይመታል። በየዓመቱ ደግሞ ባለሙያ ውስጡን ያያል።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1980ዎቹ መጨረሻ በፊት የተሠሩ የአሉሚኒየም ሲሊንደሮች ላይ ተጠንቀቁ። ብዙዎቹ 6351 ከሚባል ቅይጥ የተሠሩ ናቸው። ይህ ቅይጥ አንገቱ ላይ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስንጥቅ ያወጣል፤ ሲሞሉም ፈንድተው ሰው የጎዱ አሉ። እኔ ብሆን ቤቴ አልሞላቸውም። የብረት ሲሊንደር ደግሞ እርጥብ አየር ከገባበት ይዝጋል። ዝገት ኦክስጅን ይበላል፤ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ የነበረ ዝገታም ሲሊንደር ውስጥ ያለው አየር ሰውን ራስ ሊያስት ይችላል።

ስትሞሉ ቀስ በሉ። ሲሊንደሩ ከጋለ ግፊቱ ሲቀዘቅዝ ይወርዳልና ትርፉ ሙቀት ብቻ ነው። የመሙያ ጎማው ላይ ቁስል ወይም እብጠት ካያችሁ ጣሉት። ፊታችሁን ከቫልቩ ፊት ለፊት አታድርጉ። ጆሮ መከለያ አድርጉ፤ ልጆች እዚያ አይቁሙ።

አዲስ አበባ ላይ ይሠራል?

ይሠራል፤ ግን ይዘገያል። ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ግፊቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ያው ፒስተን በአንድ ምት የሚስበው አየር ያንሳል። 24 ደቂቃ የሚፈጀው ሙሌት ከ30 ደቂቃ ያልፋል። በዚያው ልክ ዘይቱና ማጣሪያው ብዙ ሰዓት ይሠራሉ። የቤንዚን ሞተርም ጉልበቱ ይቀንሳል። የመጥለቂያ ሠንጠረዦችም (በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳዩት) ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ ላሉ ሐይቆች ማስተካከያ ይፈልጋሉ፤ ይህ ለላንጋኖም ለቢሾፍቱ ሐይቆችም ይሠራል።

አገር ቤት የመተንፈሻ ኮምፕሬሰር የመዝናኛ ዕቃ ብቻ አይደለም። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች ሰው ፍለጋ ወንዝና ጉድጓድ ይገባሉ። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ጭስ ውስጥ ሲገቡ የሚሸከሙት ሲሊንደር የሚሞላው በዚሁ ዓይነት ማሽን ነው። ስለ ዘይት፣ ስለ ማጣሪያና ስለ ምርመራ እዚህ የተባለው ሁሉ እነሱንም ይመለከታል።

ናይትሮክስ (ኦክስጅን የተጨመረበት አየር) ልሙላበት?

አይሆንም። ኦክስጅን በተራ ኮምፕሬሰር ውስጥ ማሳለፍ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለእሱ የተለየ መሣሪያና ሥልጠና ያስፈልጋል።

በገንዘብ ያዋጣል?

ለብዙ ሰው አያዋጣም። አሜሪካ ውስጥ አንድ ሙሌት 10 ዶላር አካባቢ ነው እንበል። ለማሽኑ 4000 ዶላር ብታወጡ 400 ሙሌት ነው። በሳምንት ሁለት ሲሊንደር የሚጨርስ ሰው ከአራት ዓመት በኋላ ይመልሳል፤ ማጣሪያ፣ ዘይትና ላብራቶሪ ሳይቆጠር። የሚያዋጣው በአቅራቢያው ሱቅ ለሌለው ወይም ቤተሰቡ በሙሉ ለሚጠልቅ ነው። የሚሻል ሌላ መንገድ አለ፦ አራት አምስት ጓደኛሞች ተዋጥተው አንድ ደህና ማሽን ይገዛሉ፣ አንዱ ሰው ደብተሩን ይይዛል።

ጓደኞቼ ሲሊንደራቸውን ይዘው ቢመጡስ?

ሰው ይመጣል፤ እምቢ ማለትም ይከብዳል። ገንዘብ ከተቀበላችሁ ግን ነገሩ ንግድ ይሆናል፤ የቤታችሁ ኢንሹራንስም አደጋ ቢደርስ አልከፍልም ሊል ይችላል። በነጻም ቢሆን የምርመራ ቀኑ ያለፈበትን ሲሊንደር አትሙሉ። የመጨረሻውን የላብራቶሪ ውጤት ማሽኑ አጠገብ ለጥፉት፤ የሞላችሁትን ሲሊንደር ባለቤቱ ፊት ለኩና ቁጥሩን አሳዩት። ከ5 ፒፒኤም በላይ ካነበበ እዚያው አየሩን ልቀቁት፣ ማሽኑንም ምክንያቱ እስኪገኝ አታስነሱት።